መጀመሪያ ሰዎቹን፣ ከዚያ ጨዋታውን



ዛሬ ስለ ምርጫ፣ ስለ ዶላር ምንዛሪ ወይም ስለ ቀይ ባሕር አልጽፍም። ባለፈው በአንድ ጽሑፌ ጥግ ላይ "ቅዳሜ ማታ ከወዳጆቼ ጋር የገጸ ባሕርይ ጨዋታ እንጫወታለን" ብዬ በማለፌ ጥያቄዎች ደረሱኝ። "ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?" የሚሉ አሉ። "እኛም ከልጆቻችን ጋር መጀመር እንፈልጋለን፤ በየትኛው እንጀምር?" የሚሉ ደግሞ ይበዛሉ። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ እዚሁ አንድ ጊዜ ልጻፈው አልኩ። ጥያቄው ተራ ይመስላል። እኔ ግን በዚህ ምርጫ ተሳስቼ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አሳዝኛለሁ፤ ስለዚህ እንደ ተራ ነገር አልመልሰውም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ፈረንጆቹ "ቴብልቶፕ ሮል ፕሌይንግ ጌም" ይሉታል። ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ሌባ፣ ወታደር፣ ሐኪም፣ ጠንቋይ፣ የፈለገውን። ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ይሆናል። አጫዋቹ "በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሚያለቅስ ሰው ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። አንዱ "በሩን እሰብራለሁ" ይላል፤ ሌላው "ቆይ፣ መጀመሪያ በመስኮት ልይ" ይላል። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። ስክሪን የለም፤ ታሪኩ የሚኖረው በተቀመጡት ሰዎች አፍና ጆሮ ላይ ነው።

እቃቃ የተጫወተ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። "አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ አባት ልሁን፣ እሱ እንግዳ ይሁን" ብለን በቆርኪና በጭቃ ቤት ስናቆም የነበረው ይኸው ነው። ሌባና ፖሊስ የተጫወተ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያውቀዋል፤ "መትቼሃለሁ፣ ሙት!" "አልነካኝም!" የሚለውን ጠብ። ሕጉና ዳይሱ የመጡት ያንን ጠብ ለመዳኘት ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው። የእህቴን ልጅ "ባለፈው ገና ምን ልግዛልህ?" ብዬ ጠየቅሁት። ዝም የሚል ልጅ ነው፤ አማርኛው ይሰማል ግን አፉ ላይ አይመጣም። "ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ልጁ ከሰው ጋር የሚጫወተውን ነገር ነው የጠየቀው። ሄጄ ሦስቱንም ዋና መጻሕፍት ገዛሁ። እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ገደማ፣ እያንዳንዳቸው ከ300 ገጽ በላይ። ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጨምሮ ሙሉ የዳይስ ስብስብ ገዛሁ። ከዚያ "ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ኑ" ብዬ ስድስት ሰው ጠራሁ።

ስድስቱ እነማን ነበሩ? የእህቴ ልጅና አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው፣ ባለቤቴ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ነርስ ጓደኛችን፣ አንድ የድሮ ወዳጄ፣ እና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን። አጫዋቹ እኔ ነበርኩ። ሦስት ሌሊት አንብቤ፣ በማስታወሻ ደብተር ጽፌ፣ የዘንዶ ዋሻ ካርታ ሥዬ ነበር።

ዋሻው ጋ አልደረስንም። መጀመሪያ ገጸ ባሕርይ መሥራት ነበረብን። ሙያ ምረጡ፣ ዘር ምረጡ፣ የኋላ ታሪክ ምረጡ፣ ስድስት የችሎታ ቁጥሮች አውጡ፣ ከቁጥሮቹ ሌሎች ቁጥሮች አስሉ፣ መሣሪያ ያዙ፣ አስማት የሚያውቅ ካለ ደግሞ አስማቶቹን ከዝርዝር ለዩ። አንድ መጽሐፍ ለሰባት ሰው። እኔ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአማርኛ አስረዳለሁ፤ ልጆቹ "እንዲህ አይደለም" እያሉ ያርሙኛል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ጋሼ በጨዋነት ዝም ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ነርሷ ጓደኛችን ኮቷን ስትለብስ "ልጫወት መጥቼ ፎርም ሞልቼ ሄድኩ፤ ግሪን ካርድ እንኳን ይህን ያህል አልጠየቀኝም" አለች። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም።

በሳምንቱ ቅዳሜ የመጣው እሱ ብቻ ነበር። ዳይሱን በትንሽ ከረጢት ይዞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። አንዱ ሥራ ገባሁ አለ፤ አንዷ ደከመኝ አለች፤ አንዱ ስልክ አላነሣም። ልጁ እስከ ሦስት ሰዓት ጠብቆ "ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ" አለኝና ስልኩን አወጣ። በኋላ እናቱ እንደነገረችኝ "የእኔን ነገር አልወደዱትም" ብሎ ነው የተረዳው።

አልወደዱትም አይባልም፤ አልቀመሱትምና። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም ስመርጥ ነው። ታዋቂ ስለሆነ፣ ልጁ ስሙን ስለጠራው፣ መጽሐፉም ስላማረ መረጥኩት። ማን እንደሚቀመጥ አላሰብኩም።

ስለዚህ አቋሜን መጀመሪያ ልናገር፤ ከዚያ እንከራከርበት። ለጀማሪ ቡድን የመጀመሪያው ጨዋታ የሚመረጠው በሰዎቹ ልክ ነው፤ የጨዋታው ዝና ወይም የመጽሐፉ ውፍረት ቦታ የለውም። ያቺ ምሽት አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላት፤ ሁለተኛ ቅዳሜ እንዲኖር ማድረግ።

*

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ልሰድብ አይደለም። የዚህ ሁሉ ጨዋታ አባት ነው። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያሳትሙት በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት ነበር። ከዚያ በፊት የጦር ሜዳ ጨዋታ ተጫዋቾች ሠራዊት ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሠራዊቱ ወደ አንዱ ሰው ወረዱ፤ "አንተ ይህ ሰው ነህ፤ ምን ታደርጋለህ?" አሉ። ከ50 ዓመት በኋላም እንጀራው አልተቋረጠም።

"በእሱ ጀምሩ" የሚሉ ሰዎችም ምክንያት አላቸው። በየትኛውም የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ከተማ የሚያጫውት ሰው ይገኛል። ሰው ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሄዶ ስሙን ሲጠራ ጓደኛ ያገኝበታል፤ ይህ ለስደተኛ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞም የእኔን ስሕተት ማስቀረት ይቻላል፤ ለጀማሪ ተብሎ የሚሸጥ ሣጥን አለ። ለምሳሌ በ2014 የወጣው የጀማሪ ሣጥን 32 ገጽ ሕግ፣ 64 ገጽ ታሪክ፣ አምስት ተሠርተው ያለቁ ገጸ ባሕርያት እና ዳይስ ይዞ በ20 ዶላር ነበር የወጣው። ያን ዓይነት ሣጥን ብገዛ ኖሮ ነርሷ ፎርም አትሞላም ነበር።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ሣጥኑም ቢሆን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሰይፍ፣ ዘንዶ፣ ኤልፍ እና ድዋርፍ የሚለውን ዓለም አስቀድሞ መውደድን። ልጆቹ ይወዱታል። ጋሼ "ኤልፍ ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ግን የማስረዳው ሌላ ፊልም፣ ሌላ መጽሐፍ እየጠቀስኩ ነው። የማያውቁትን በሌላ የማያውቁት ነገር ማስረዳት ማለት ነው። ሰው የማያውቀው ዓለም ውስጥ ሲገባ አፉን ይዘጋል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ አፉን የዘጋ ሰው አልተጫወተም።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእናንተ ዜና ለምትከታተሉት። ትልቅ ስም ትልቅ ባለቤት አለው። ጨዋታው የዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ነው፤ ኩባንያውን ከ1999 ጀምሮ የያዘው ሃስብሮ ነው። ከ2000 ጀምሮ ማንም ሰው ሕጉን ተጠቅሞ የራሱን ታሪክ አሳትሞ እንዲሸጥ የሚያስችል ክፍት ፈቃድ ነበር። በጥር 2023 ኩባንያው ያንን ፈቃድ ሊያጠብቅ ያረቀቀው ሰነድ አፈትልኮ ወጣ። ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ብዙዎች የኢንተርኔት ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው አፈገፈገ፤ መሠረታዊ ሕጉንም ሊነጥቀው በማይችል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ተጫዋቾቹ ያሸነፉበት ብርቅ ታሪክ ነው። ግን ትምህርቱን ያዙ፤ በዓለም ላይ ያለው ጨዋታ አንድ ብቻ የሚመስለው ሰው ባለቤቱ ያለውን ሁሉ ይቀበላል። ሌሎች መኖራቸውን ማወቅ በራሱ ነፃነት ነው።

*

እንግዲህ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፤ ሰው ከተቀመጠ በኋላ በገጸ ባሕርዩ አፍ እስኪናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የእኔ ልክ 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈጅ ጨዋታ ለሁለተኛው ወር ይቆይ። 15 ደቂቃ የማይሞላ አለ ወይ? አለ። "ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ" የሚባል፣ ጆን ሃርፐር በ2013 ያወጣው ጨዋታ ሕጉ በሙሉ አንድ ገጽ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የጠፈር መርከብ ሠራተኞች ናችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ በመሣሪያና በቀዝቃዛ አእምሮ ጎበዝ ነው፤ ዝቅ ካለ በስሜትና ሰውን በማግባባት ጎበዝ ነው። በመሣሪያ ስትሠሩ ከቁጥራችሁ በታች፣ በስሜት ስትሠሩ ከቁጥራችሁ በላይ እንዲወጣ ትመኛላችሁ። አለቀ። ገና አንዷን ቁጥር ስትመርጡ ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይገባችኋል።

የሚያስፈልገው ዳይስ የሉዶ ዳይስ ነው። ይህን የምለው አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ሆናችሁ ለምታነቡ ጭምር ነው። ለጨዋታ መጽሐፍ የሚሆን ዶላር ማግኘት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ገጽ ግን ፕሪንት ቤት ሄዶ ማሳተም ይቻላል። አንድ ገጽ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ በቃል ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ 300 ገጽ አይመለስም።

ሁለተኛ፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት እነማን ናቸው?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ዕድሜ ብቻ አይደለም። ምን ያምናሉ? በየትኛው ቋንቋ ነው የሚስቁት? ምን ደረሰባቸው?

ከእምነት እንጀምር። "ልጄ ጠንቋይ ሆኖ ይጫወታል እንዴ?" የምትል እናት ትኖራለች። አትሳቁባት። በ1980ዎቹ አሜሪካ ራሷ በዚህ ጨዋታ ምክንያት "ልጆቻችንን ለሰይጣን እየሰጡብን ነው" በሚል ስትናጥ ነበር፤ ጉዳዩ በታላላቅ ቴሌቪዥኖች ቀረበ፤ የወላጆች ማኅበር ተቋቋመበት። አሳታሚው ራሱ በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም "ዴመን" እና "ዴቭል" የሚሉትን ቃላት አውጥቶ በሌላ ስም ተካቸው፤ በኋላ ተመለሱ። ክሱ መሠረት አልነበረውም፤ የልጆች ጨዋታ ነው። ግን የመጀመሪያ ምሽታችሁን ከእናት ጋር ስለ ሰይጣን በመከራከር ለምን ታባክናላችሁ? አይጦች የሚጫወቱበት ጨዋታ አለ። "ማውስሪተር" ይባላል፤ አይዛክ ዊልያምስ በ2020 ያወጣው ነው፤ በሶፍት ኮፒ በነፃ ይገኛል። ተጫዋቹ መርፌ እንደ ሰይፍ የያዘች ትንሽ አይጥ ናት፤ ድመት ደግሞ ዘንዶው ነው። አይጥ ምን እንደሆነች፣ ድመት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ደቂቃ አያስፈልግም። የሰባት ዓመት ልጅም፣ ሴት አያትም ያውቁታል። ዕቃ የሚያዘው እንኳ በወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ ስለሚቀመጥ ሕፃን "ቦርሳዬ ሞላ" የሚለውን በዓይኑ ያየዋል።

ቋንቋው ቀጥሎ ይመጣል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ፣ አዋቂዎቹ በአማርኛ የሚመቻቸው ቤት ውስጥ ጨዋታው በሁለቱም መናገር የሚያስችል መሆን አለበት። ቁጥርና የሙያ ቃል የበዛበት ጨዋታ ወደ እንግሊዝኛ ይጎትታል። ታሪክ የበዛበት ጨዋታ ወደ አማርኛ ይመጣል።

ቁስሉን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፤ አጫዋቹ ማነው?

አማርኛችን እዚህ ላይ ረድቶናል። ተጫዋች እና አጫዋች፤ አንዱ ለራሱ፣ ሌላው ለሰው። አጫዋች ዳኛም፣ ተራኪም፣ አየሩም፣ ጠላቱም፣ መንግሥቱም እሱ ነው። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲከማች ምን እንደሚሆን ለዚህ ቻናል አንባቢ አላስረዳም። ጀማሪ አጫዋች ብዙ ጊዜ ሙሉ ታሪክ ጽፎ ይመጣና ሌሎቹን ተመልካች ያደርጋቸዋል። እኔ ያንን ካርታ ስሥል ይኸው ነበር የምሠራው። ስለዚህ አጫዋቹ ጀማሪ ከሆነ ሸክሙን የሚያቀልለት ጨዋታ ምረጡ፤ ጠላቱንና ችግሩን ዳይስ ወርውሮ ከሠንጠረዥ የሚያወጣበት፣ ወይም ጭራሽ አጫዋች የማይፈልግ።

*

ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ።

ከዚያ ከሽፈን በኋላ ሁለት ወር ገደማ ቆየን። አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ ያው ሰዎች ተሰብስበው ሳለ፣ ልጁም ጥግ ይዞ ስልኩን እያየ፣ አንድ ትንሽ የካርድ ጨዋታ አወጣሁ። "ፎር ዘ ኩዊን" ይባላል፤ ለንግሥቲቱ እንደማለት። አሌክስ ሮበርትስ የሠራችው ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ2019 ነው። ዳይስ የለውም፤ አጫዋች የለውም፤ የሚነበብ መጽሐፍ የለውም። ከተሣሉት ንግሥቶች አንዷን ቡድኑ ይመርጣል። ሁላችሁም የእሷ አጃቢዎች ናችሁ፤ ረጅምና አደገኛ ጉዞ ትሄዳላችሁ። በየተራ ካርድ ታወጣላችሁ፤ ካርዱ ላይ ስለ እናንተና ስለ ንግሥቲቱ አንድ ጥያቄ አለ። ትመልሳላችሁ፤ ካልፈለጋችሁ ለሚቀጥለው ታሳልፋላችሁ። በመጨረሻ አንድ ካርድ ይመጣል፤ ንግሥቲቱ ጥቃት ደርሶባታል፤ ትከላከላታለህ ወይስ አትከላከላትም? እያንዳንዱ ይመልሳል። በዚያ ያበቃል።

የጨዋታው መነሻ አገሪቱ ጦርነት ላይ መሆኗን ይናገራል። ያንን ካርድ ሳነብ ድሮ ወዳጄ እጁን አነሣ። "ጦርነቱ ይቅርብኝ" አለ። ቤተሰቡ በቅርቡ ጦርነት ካለፈበት አገር ክፍል ነው። ከየት እንደሆነ አልጽፍም፤ ከየትም ቢሆን ያው ነው። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። ጦርነቱን አውጥተን የሰባት ዓመት ድርቅ አደረግነው፤ ንግሥቲቱም የምትሄደው ውኃ ልትለምን ሆነ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ቁስል ያልኩት ይህን ነው። ከዚህ ቀደም ካርታ ሥዬ ያዘጋጀሁት የዘንዶ ታሪክ በተቃጠለ መንደር ነበር የሚጀምረው። ያን ምሽት ፎርም ስንሞላ ባይመሽብን ኖሮ፣ ወዳጄን በገዛ ቤቴ አመድ ላይ አቆመው ነበር። የዛሬ አበሻ በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ ማን ምን እንደያዘ አይታወቅም። ለዚህ ተብሎ የተፈለሰፈ ቀላል ዘዴ አለ። "ኤክስ ካርድ" ይሉታል፤ ጆን ስታቭሮፑሎስ የሚባል ሰው ያስተዋወቀው ነው። ወረቀት ላይ የኤክስ ምልክት ሥላችሁ መካከል ላይ ታስቀምጣላችሁ። ያልተመቸው ሰው ይነካዋል፤ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣል፤ ማብራሪያ አይጠየቅም። ፎር ዘ ኩዊን ካርዱን ራሱ ይዞ ይመጣል። የመረጣችሁት ጨዋታ ባይኖረውም በእስክሪብቶ ሥሩት። አንዳንድ ሰው "ይህ የፈረንጅ ቅምጥልነት ነው" ይላል። ለቅሶ ቤት ምን እንደማይወራ የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ሊል አይገባውም።

ቀጠልን። "ምናችሁ ነው?" ሲባል ጋሼ ሳያመነቱ "ጋሻ ጃግሬ ነኝ" አሉ። ልጁ ከስልኩ ቀና ብሎ "ወት ኢዝ ጋሻ ጃግሬ?" አለ። ጋሼ ጌታው ሲዘምት ጋሻውን ተሸክሞ ከጎኑ የማይለይ ሰው መሆኑን አስረዱት፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው አያያዙን አሳዩት። ነርሷ እልፍኝ አስከልካይ ሆነች። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገባች። ኤልፍ እንዳስረዳ የጠየቀኝ የለም። ግቢ፣ እልፍኝ፣ አጃቢ፣ አሽከር፣ ደጅ ጠኚ፤ ቃሉም ዓለሙም በአፋችን ነበር። ልጁ ካርድ ሲደርሰው መጀመሪያ አሳለፈ። በሁለተኛው "ሰላይ ነኝ" አለ፤ በአማርኛ። ከጠላት ተልኮ መጥቶ ንግሥቲቱን ቀስ በቀስ የወደዳት ሰላይ። ለ20 ደቂቃ ያህል ሁላችንም እሱን ስንጠይቅ ነበር።

የመጨረሻው ካርድ መጣ። ሰላዩ እከላከላታለሁ አለ። ጋሻ ጃግሬው ግን ጋሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋሼ ምክንያታቸውን ሲናገሩ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ምክንያቱ ባለፉት ካርዶች ላይ ንግሥቲቱ ያደረገችው ነገር ነበር፤ እኛ ራሳችን በቀልድ የጨመርነው፣ እሳቸው ግን ያልረሱት። መኪናቸው ድረስ እየተከራከርን ሸኘናቸው። ወዳጄና እኔ በእውነተኛው ፖለቲካ ዓመት ሙሉ ስንኮራረፍ የቆየን ሰዎች ነን፤ ያን ማታ ሁለታችንም ከጋሼ በተቃራኒ አንድ ወገን ቆመን ነበር።

ጨዋታ እርቅ ያመጣል አልልም። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እኔና ወዳጄ ዛሬም አንስማማም። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፤ በየቡድኑ፣ በየኮሜንቱ፣ በየቀጥታ ስርጭቱ ስንከራከር፣ የሌላው ሰው መልስ እስኪያልቅ የምንሰማበት ስንት ቦታ ቀረን? የድሮ ሰዎች በላ ልበልሃ ሲሉ እንኳ ተራና ደንብ ነበራቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማ ነበር፤ ካልሰማ መልስ የለውም። ይህ ጨዋታ ያንን ያስገድዳል። የሰውዬውን መልስ ካልሰማችሁ በሚቀጥለው ተራችሁ የምትሉት አይኖራችሁም። ለዚህ ነው የመጀመሪያዋ ምሽት በፎርም መሞት የሌለባት።

*

"ብቻ ስም ንገረን" ለምትሉ፣ እንደ ሰዎቹ ዓይነት ልደልድል።

አዋቂዎች፣ ወሬና ክርክር የሚወዱ፣ አጫዋች መሆን የሚፈልግ ሰው የሌላቸው፤ ፎር ዘ ኩዊን።

ወጣቶች፣ መሳቅ የሚፈልጉ፣ ገንዘብም ጊዜም የሌላቸው፤ ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ። በቴሌግራም የድምፅ ጥሪም ይሠራል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ቴል አቪቭ ሆኖ።

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ፤ ማውስሪተር። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይፈልጋል፤ ከሌላችሁ ስልክ ላይ ይወረወራል።

የወንጀል ምርመራ ፊልምና ዶክመንተሪ የማይጠግቡ አዋቂዎች፤ ኮል ኦቭ ክቱሉ። ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው፤ የመጀመር ያህል የሚበቃ አጭር ሕጉ በነፃ ይገኛል። ችሎታ በመቶኛ ስለሚጻፍ ማስረዳት አያስቸግርም፤ 60 ካላችሁ ከመቶ 60 ዕድል አላችሁ። ግን አስፈሪ ነው፤ ሰው የሚያብድበት ታሪክ ነው፤ ለሕፃናትና ሐዘን ላይ ላለ ሰው አይሆንም።

ልጁ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ካለ፣ ጓደኞቹም ያንኑ ካሉ፤ ተዉአቸው፣ እሱን ይጫወቱ። የጀማሪውን ሣጥን ግዙ። ሦስቱን መጻሕፍት ራሳቸው ሲጠይቁ ግዙ።

የትኛውንም ብትመርጡ የማለቂያውን ሰዓት ቀድማችሁ ንገሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ታሪኩ በዚያው ምሽት ይለቅ፤ "ይቀጥላል" የሚባል ነገር ለጀማሪ ዕዳ ነው። ሰው ሊሄድ ሲነሣ "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ አበሻ በጨዋነት አዎ ይላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰው እንደመጣ ቁጠሩ።

እኛ ቤት በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሰው መጣ። ያ 150 ዶላር ያወጣሁበት መጽሐፍም አልተጣለም። የእህቴ ልጅ አሁን ለሦስት የክፍል ጓደኞቹ አጫዋች ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን እሱ ራሱ አስቀድሞ ሠርቶ ነው የሚያቀርብላቸው። አንዱ ገጸ ባሕርይ ጋሻ የተሸከመ ነው። ልጆቹ ስሙን መጥራት አቅቷቸው "ጃግሬ" ብቻ ይሉታል አለኝ።

እናንተስ? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። ግን "የትኛው ጨዋታ ይሻላል?" ብላችሁ አትጠይቁኝ። ጠረጴዛው ላይ እነማን እንደሚቀመጡ ንገሩኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

መልካም ቅዳሜ።